መጥኖ መደቆስ፦ ሜሞሪ ሲያልቅ የሚሞተው ማን ነው?

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የከፍተኛ ትምህርት ተቋም ቤተ ሙከራ ውስጥ የደረሰ አንድ ነገር እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልወጣም። አንዲት የድኅረ ምረቃ ተማሪ ለመመረቂያ ጽሑፏ የሚያስፈልጋትን ረጅም ስሌት፣ የትምህርት ክፍሉ ተማሪዎች በጋራ በሚጠቀሙበት ሰርቨር ላይ አስጀምራ ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት ጠበቀች። በአራተኛው ቀን ማለዳ ውጤቱን ለማየት ስትመጣ ግን ስሌቱ የለም። መብራት አልጠፋም፤ ኮምፒዩተሩ አልተበላሸም፤ በፕሮግራሟም ውስጥ አንዳች ስህተት አልተገኘም። በሰርቨሩ መዝገብ ላይ የተገኘው ማስረጃ አንድ መስመር ብቻ ነበር፤ ሜሞሪ ስላለቀ ፕሮሰሱ ተገድሏል የሚል።

በዚያን ዕለት በቤተ ሙከራው የነበርን ሁሉ የተናገርነው ቃል አንድ ነበር፤ «ምን ይደረግ፣ ሜሞሪው ትንሽ ነው!» አልን። ዛሬ ይህን ጽሑፍ የማቀርበው ያ አባባላችን ስህተት እንደነበረ ለማስረዳት ነው። የሜሞሪ ማነስ ለችግሩ ምክንያት ሆኗል፤ ይህን አልክድም። ያ ስሌት መሞቱ ግን የግድ አልነበረም። ለሞት ያበቃው እጥረቱ ብቻ ሳይሆን፣ አስቀድሞ ያለ ልክ የተገባ ቃልና የማን ሥራ ይዳን ለሚለው ጥያቄ ሰው መልስ ሳያዘጋጅ መቅረቱ ነው።

ከጎተራው በላይ የተሰጠ ቃል

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ኦፐሬቲንግ ሲስተም ሜሞሪን እንዴት እንደሚያድል መመልከት ያስፈልጋል። በሥራ ላይ ያለ ፕሮግራም፣ በሙያው አጠራር ፕሮሰስ፣ ሜሞሪ ሲጠይቅ የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት የሆነው ከርነል አብዛኛውን ጊዜ እውነተኛውን ሜሞሪ ወዲያውኑ አያስረክበውም። የሚሰጠው አድራሻ ብቻ ነው። እውነተኛው ሜሞሪ የሚታደለው ፕሮሰሱ በዚያ አድራሻ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጽፍ ነው፤ እርሱም በገጽ በገጽ ተከፋፍሎ ሲሆን፣ በአብዛኞቹ የግል ኮምፒዩተሮች የአንድ ገጽ መጠን 4 ኪሎ ባይት ነው።

ይህን አሠራር በጎተራ እንመስለው። ባለ ጎተራው 40 ኩንታል እህል አለው እንበል። አሥር ቤተሰቦች መጥተው ለእያንዳንዳቸው 10 ኩንታል እንዲሰጣቸው ሲጠይቁት፣ ለአሥሩም «እሺ» ብሎ ወረቀት ይጽፍላቸዋል። በወረቀት ላይ ያለው እህል 100 ኩንታል ነው፤ በጎተራው ያለው ግን 40 ብቻ። ባለ ጎተራው ይህን የሚያደርገው ሰዎች የጠየቁትን ሁሉ በአንድ ቀን መጥተው እንደማይወስዱ ከልምድ ስለሚያውቅ ነው። ግምቱም አብዛኛውን ጊዜ ትክክል ነው። አንድ ቀን ግን ሁሉም ከረጢታቸውን ይዘው በአንድነት ከደጁ ይቆማሉ። በዚያን ጊዜ «የለኝም» ለማለት ጊዜው አልፏል፤ ቃሉን ቀድሞ ሰጥቷልና። የሊኑክስ ከርነል በዚህ ጭንቅ ላይ ሲደርስ የሚወስደው እርምጃ ከቤተሰቦቹ አንዱን ገድሎ ድርሻውን ለሌሎቹ ማከፋፈል ነው።

ከርነሉ ይህን አመል የያዘው ያለ ምክንያት አይደለም። በዩኒክስ ባህል አዲስ ፕሮሰስ የሚወለደው ፎርክ በተባለው ጥሪ ነባሩ ፕሮሰስ ራሱን ሲያባዛ ነው። 3 ጊጋ ባይት የያዘ ፕሮሰስ ራሱን ቢያባዛ፣ ልጁ በወረቀት ደረጃ ሌላ 3 ጊጋ ባይት ይፈልጋል። በተግባር ግን ወላጅና ልጅ አንዱ እስኪጽፍበት ድረስ በአንድ ገጽ በጋራ ይጠቀማሉ፤ ልጁም ብዙውን ጊዜ ወዲያውኑ ወደ ሌላ ትንሽ ፕሮግራም ይለወጣል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ቃል ሙሉ መያዣ ቢጠየቅ እጅግ ብዙ ሜሞሪ ያለ ሥራ ታስሮ ይቀመጥ ነበር።

ሌላ መንገድ መኖሩንም መዘንጋት አይገባም። ዊንዶውስ አንድ ፕሮሰስ ሊጽፍበት የሚጠይቀው ሜሞሪ በራሙና በሃርድ ዲስኩ የገጽ ፋይል ድምር ውስጥ መያዣ ከሌለው ጥያቄውን ገና ከመነሻው ይነፍጋል። ሊኑክስም ቢሆን አስተዳዳሪው ከፈለገ ይህን የመሰለ ጥብቅ ሒሳብ ይይዛል። በዚህ ሒሳብ የሚገባው ቃል ጠቅላላ ወሰን በተለመደው ልክ የራሙ ግማሽና የስዋፑ ድምር ነው፤ 4 ጊጋ ባይት ራምና 2 ጊጋ ባይት ስዋፕ ያለው ኮምፒዩተር 4 ጊጋ ባይት ድረስ ቃል ይገባል ማለት ነው። ከዚያ በላይ የሚጠይቅ «የለም» ይባላል። መነፈግ ያስከፋል፤ ይሁን እንጂ የተነፈገ ፕሮግራም ሥራውን አስቀምጦ በሥርዓት ለመውጣት ዕድል አለው። የተገደለ ግን ይህ ዕድል የለውም።

ጥፋተኛው ሌላ፣ ሟቹ ሌላ

በሊኑክስ ውስጥ ሟቹን የሚመርጠውን የከርነል ክፍል መነሻ የጻፈው ሪክ ቫን ሪል የተባለው ባለሙያ ነው። የቀድሞው መመዘኛ የፕሮሰሱን ጠቅላላ የአድራሻ ስፋት መነሻ አድርጎ፣ ረጅም ጊዜ ለሠራ ፕሮሰስ ነጥቡን ይቀንስለት ነበር። የብዙ ሰዓት ድካም እንዳይጠፋ የታሰበበት መሆኑ ግልጽ ነው። ይሁንና የአድራሻ ስፋት ማለት የተገባ ቃል እንጂ የተወሰደ እህል ስላልሆነ፣ በተግባር ጥቂት ሜሞሪ የያዙ ፕሮግራሞች በወረቀታቸው ብዛት ብቻ ይገደሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው ሊኑክስ 2.6.36 ይህን ለወጠ። ከዚያ ወዲህ መመዘኛው ፕሮሰሱ በእርግጥ የያዘው የራምና የስዋፕ መጠን ሆነ፤ የሠራበት ዘመን ግን ከሒሳቡ ወጣ።

አዲሱ መመዘኛ ቀላልና አስቀድሞ ሊገመት የሚችል ነው። ትልቁን መግደል በአንድ ምት ብዙ ሜሞሪ ያስገኛልና። ነገር ግን ትልቁ ማለት ጥፋተኛው ማለት አይደለም። ወደ መነሻ ታሪካችን እንመለስ። የቤተ ሙከራው ሰርቨር 16 ጊጋ ባይት ራም ነበረው፤ ስዋፕ አልነበረውም። የተማሪዋ ስሌት 7 ጊጋ ባይት ይዞ፣ ከዚያ ሳይጨምርና ሳይቀንስ ለሦስት ቀናት ቆይቷል። ሲስተሙና ጥቃቅን ሥራዎች 3 ጊጋ ባይት ያህል ይወስዳሉ። በሦስተኛው ሌሊት ሌላ ተማሪ የጻፈው ስህተት ያለበት ፕሮግራም የወሰደውን ሳይመልስ እየጨመረ ሄደ። ይህ ፕሮግራም 6 ጊጋ ባይት ሲደርስ 7፣ 3 እና 6 ተደምረው 16 ሞሉ። ገዳዩ ዞር ብሎ ሲመለከት ትልቁ ባለ 7 ጊጋ ባይቱ ነበር፤ የሦስት ቀኑን ስሌት ገደለ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ልብ በሉ። ስሌቱ በመገደሉ የተለቀቀውን 7 ጊጋ ባይት ጥፋተኛው ፕሮግራም በደቂቃዎች ውስጥ ውጦ 13 ጊጋ ባይት ደረሰ፤ ሰርቨሩ እንደገና ሞላ፤ በዚህ ጊዜ ትልቁ እርሱ ራሱ ስለነበረ በተራው ተገደለ። እንግዲህ የመጀመሪያው ሞት ምን ጠቀመ? የተረፈ ፕሮሰስ የለም፤ የተገኘውም የጥቂት ደቂቃዎች ዕድሜ ብቻ ነው። አላስፈላጊ ግድያ የምለው እንዲህ ያለውን ነው፤ ባይፈጸም ኖሮ ማንንም የማይጎዳውን፣ ተፈጽሞም ማንንም ያላዳነውን።

ጉዳቱ በአንድ ፕሮሰስ የማይወሰንበት ጊዜም አለ። ፖስትግሬስ በተባለው የታወቀ የመረጃ ቋት ፕሮግራም ውስጥ አንዱ አገልጋይ ፕሮሰስ በድንገት ቢገደል፣ የጋራ ሜሞሪያቸው ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል ተብሎ ስለሚሠጋ የተቀሩት ሁሉ ተቋርጠው ሲስተሙ ከመዝገቡ ራሱን እንደገና ያድሳል። በአንድ ግድያ በመቶ የሚቆጠሩ ተጠቃሚዎች ሊቋረጡ ይችላሉ ማለት ነው።

ሜሞሪ እያለ የሚመጣ ሞት

ከዚህም የሚያስገርመው፣ ነፃ ሜሞሪ ሞልቶ ሳለ የተፈጸሙ ግድያዎች መኖራቸው ነው። በ32 ቢት ኮምፒዩተሮች ዘመን የሊኑክስ ከርነል ለራሱ ሥራ በቀጥታ የሚጠቀምበት የራሙን የመጀመሪያ 896 ሜጋ ባይት ያህል ብቻ ነበር። ኮምፒዩተሩ 8 ጊጋ ባይት ራም ቢኖረውና አብዛኛው ባዶ ቢሆንም፣ ያ ትንሽ ክልል ሲሞላ ገዳዩ ይጠራ ነበር። እርሱም ከዚያ ክልል ብዙ የማይዙትን ተራ ፕሮሰሶች መግደል ይጀምራል፤ ቢገድልም የሚፈልገውን አያገኝም።

ሁለተኛው ምሳሌ የቅርብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ሊኑክስ 4.7 ሲወጣ «ሜሞሪ አልቋል» የሚለው ውሳኔ የሚሰጥበት ሥርዓት ተሻሽሎ ነበር። ብዙም ሳይቆይ በቀላል ሥራ ላይ ያሉ ኮምፒዩተሮች ፕሮሰስ መግደላቸው ከየቦታው ተሰማ። ምክንያቱ ሲመረመር፣ ከርነሉ የፈለገው 16 ኪሎ ባይት፣ ማለትም ጎን ለጎን የተቀመጡ አራት ገጾች ብቻ ሆኖ ተገኘ። ገጾቹ ነበሩ፤ ተበታትነው ስለነበር ግን ተከታታይ አራት አልተገኘም። ትዕግሥት ቢኖር ኖሮ ገጾቹን ሰብስቦ ማስተካከል ይቻል ነበር። ስህተቱ ወዲያው ታረመ።

የከርነሉ ባለሙያዎችም ቢሆኑ ይህን ሥጋት አጥብቀው ያውቁታል። ከርነሉ ከመግደሉ በፊት ምናልባት ሌላው በዚህ መካከል ሜሞሪ ለቅቆ እንደሆነ ለመጨረሻ ጊዜ ይፈትሻል። ሁለት ገዳዮች በአንድ ጊዜ እንዳይነሡ በቁልፍ ይጠብቃል። ሜሞሪ የጠየቀው ፕሮሰስ ራሱ ለመሞት በመንገድ ላይ ያለ ከሆነ፣ ሌላ ሟች ከመፈለግ ይልቅ ቶሎ እንዲሞት ከመጠባበቂያው ይሰጠዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ የተገደለው ፕሮሰስ ሜሞሪውን ይዞ ቢዘገይ፣ ሁለተኛ ሟች ከመፈለጉ በፊት የመጀመሪያውን ሜሞሪ ቀድሞ የሚገፍ ክፍል ተጨመረ። እነዚህ ሁሉ «እንዴት እንግደል» ለሚለው ሳይሆን «እንዴት ሳንገድል እንለፍ» ለሚለው ጥያቄ የተሰጡ መልሶች ናቸው።

ሳይቃጠል በቅጠል

እዚህ ላይ አንድ ቁም ነገር መጨመር ያስፈልጋል። ሜሞሪ በአንድ ቅጽበት አያልቅም። ከማለቁ በፊት ኮምፒዩተሩ ይጨነቃል፤ ገጾችን ወደ ዲስክ ሲያወጣና መልሶ ሲያስገባ ዋናው ሥራ ይቆማል። ችግሩ፣ ከርነሉ ጥቂትም ቢሆን ገጽ እያገኘ እስከሄደ ድረስ እጥረት አለ ብሎ አለመቁጠሩ ነው። በዚህም ምክንያት ኮምፒዩተራችን ለረጅም ደቂቃዎች ድርቅ ብሎ የመዳፊቱ ቀስት እንኳ አልንቀሳቀስ ሲል አይተናል።

እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ በወጣው ሊኑክስ 4.20 ዮሐንስ ዋይነር የተባለው የፌስቡክ ባለሙያ ይህን ጭንቀት የሚለካ መሣሪያ አስገባ። መሣሪያው ፕሮሰሶች ሜሞሪ በመጠበቅ ያባከኑትን ጊዜ በ10፣ በ60 እና በ300 ሰከንድ አማካይ አስልቶ በመቶኛ ያሳያል። ያለፈው ዘመን ጥያቄ «ስንት ገጽ ቀረ?» ነበር፤ አዲሱ ጥያቄ «ሥራው ምን ያህል ተጎዳ?» ሆነ። በእኔ አስተያየት በዚህ ዘርፍ ከታዩት ለውጦች ሁሉ ትልቁ ይህ ነው፤ ሳይቃጠል በቅጠል ለማለት መጀመሪያ ሙቀቱን ማወቅ ያስፈልጋልና።

ይሁን እንጂ ማስጠንቀቂያን ለመግደያ ብቻ ከተጠቀምንበት ችግሩን ቦታ አስለወጥነው እንጂ አላቃለልነውም። እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው ኡቡንቱ 22.04 ላይ ቀድሞ የሚገድል አገልግሎት እንዲሠራ ሲደረግ፣ ብዙ ተጠቃሚዎች የኢንተርኔት ማሰሻቸው ያለ በቂ ምክንያት እንደሚዘጋባቸው ተናግረዋል። የተመደበው ስዋፕ አነስተኛ ስለነበረ ቶሎ እየሞላ የገዳዩን መስፈርት ያሟላ ነበር። ፈጥኖ የሚገድልም እንደ ዘግይቶ ገዳይ ሊሳሳት ይችላል።

የተሻለውን ፈለግ በእጅ ስልኮቻችን ላይ እናገኘዋለን። አንድሮይድ ሜሞሪ ሲያጥረው ከበስተጀርባ ያሉ ፕሮግራሞችን ይገድላል፤ ነገር ግን ፕሮግራሞቹ ሜሞሪ እንዲለቁ የሚነገሩበትና ከመገደላቸው በፊት ያሉበትን ሁኔታ የሚያስቀምጡበት መንገድ ተበጅቶላቸዋል። በሥርዓት የተጻፈ ፕሮግራም ከሞተ በኋላ ሲከፈት ካቆመበት ይቀጥላል፤ ባለቤቱ መሞቱን እንኳ ላያውቅ ይችላል። የማክ ኮምፒዩተሮች ደግሞ ሜሞሪ ሲሟጠጥ ለተጠቃሚው የፕሮግራሞቹን ዝርዝር አቅርበው የትኛው ይዘጋ ብለው ይጠይቃሉ። የሥራውን ዋጋ የሚያውቀው ባለ ሥራው ነውና መጠየቁ ተገቢ ነው።

የሚነሡ ተቃውሞዎች

አንዳንዶች «ይህ ሁሉ ሐተታ ለምን? ራም መጨመር ነው» ይላሉ። ራም መጨመር መልካም ነው፤ ችግሩን ግን ከሥሩ አይፈታውም። የወሰደውን የማይመልስ ፕሮግራም 16ን እንደጨረሰ ሁሉ 64ንም ይጨርሳል፤ የሚለየው ሰዓቱ ብቻ ነው። ደግሞም በእኛ ቤተ ሙከራዎች ራም መጨመር በጀት፣ ግዢና የወራት ጥበቃ ማለት መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን።

ሌሎች ደግሞ በተቃራኒው «ጥብቁ ሒሳብ በሁሉም ቦታ ይሁን፤ ከርነሉ የሌለውን ቃል አይግባ» ይላሉ። ልቤ ወደዚህ ያዘነብላል፤ ሆኖም ለሁሉ የሚስማማ አይደለም። ፖስትግሬስን ያዘጋጁት ባለሙያዎች ጥብቁን ሒሳብ ሲመክሩ፣ መረጃውን ወደ ዲስክ ለመገልበጥ ራሱን በፎርክ የሚያባዛውን ሬዲስን ያዘጋጁት ደግሞ ከርነሉ በልግስና ቃል እንዲገባ ይመክራሉ። ሁለቱም ስለ ራሳቸው ሥራ ትክክል ናቸው። በተጨማሪም ብዙ ፕሮግራሞች «የለም» የሚል መልስ ሲሰጣቸው ምን እንደሚያደርጉ ሳይታሰብበት የተጻፉ ስለሆኑ፣ ተነፍገውም ወዲያው ይወድቃሉ። ይህ ለእኛ ፕሮግራም ለምንማር ወጣቶች የቀረበ ወቀሳ ነው።

ገዳዩ ጨርሶ ይወገድ የሚል ሐሳብም የለኝም። ሁሉም በሮች ሲዘጉ አንድ ፕሮሰስ ሞቶ ሲስተሙ ቢተርፍ፣ ሁሉም አብረው ቆመው ከሚቀሩ ይሻላል። የምለው የመጨረሻው አማራጭ የመጀመሪያው አይሁን ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

የመጀመሪያው ኃላፊነት የሰርቨር አስተዳዳሪዎች ነው። ሊኑክስ ፕሮሰሶችን በቡድን ከፍሎ ለእያንዳንዱ ቡድን የሜሞሪ ወሰን የሚያበጅበት ሥርዓት እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ አለው። በዚያ 16 ጊጋ ባይት ሰርቨር ላይ ለተማሪዋ 8፣ ለሁለተኛው ተማሪ 5፣ ለሲስተሙ 3 ተመድቦ ቢሆን ኖሮ፣ ጥፋተኛው ፕሮግራም 5 ላይ ሲደርስ በራሱ ቡድን ውስጥ ይሞት ነበር፤ የጎረቤቱ ስሌትም ምንም ሳያውቅ ይቀጥል ነበር። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ሳንቲም አልነበረም፤ የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ብቻ እንጂ።

ሁለተኛው የተጠቃሚዎች ነው። ለእያንዳንዱ ፕሮሰስ ከ1000 ሲቀነስ እስከ 1000 ሲደመር የሚደርስ ማስተካከያ ቁጥር አለ። ዝቅተኛው ቁጥር የተሰጠው ፕሮሰስ ፈጽሞ አይመረጥም፤ ከፍተኛው የተሰጠው ቀድሞ ይሞታል። ተራ ተጠቃሚ የራሱን ፕሮሰስ ቁጥር ከፍ ለማድረግ ይፈቀድለታል፤ ከተሰጠው በታች ለማውረድ ግን የአስተዳዳሪ ሥልጣን ያስፈልገዋል። ስለ ሌላው ቀድሞ መሥዋዕት መሆን ይቻላል፤ ራስን ብቻ ነፃ ማውጣት ግን አይቻልም። እንግዲያው የሙከራ ፕሮግራም በጋራ ሰርቨር ላይ የምታስጀምሩ ተማሪዎች ሁሉ ቁጥሩን ከፍ አድርጋችሁ አስጀምሩ። ይህ የጉርብትና ሥነ ምግባር ነው።

ሦስተኛው የእኛ የፕሮግራም ጸሐፊዎች ነው። ረጅም ስሌት የደረሰበትን በየሰዓቱ ወደ ዲስክ ቢያስቀምጥ፣ በሦስተኛው ሌሊት ቢገደል የሚጠፋው የ72 ሰዓት ድካም ሳይሆን ከአንድ ሰዓት ያልበለጠ ሥራ ነው። መብራት ያለ ማስጠንቀቂያ በሚቋረጥበት አገር ለሚማር ተማሪ ይህ ልማድ ከሜሞሪ እጥረትም በላይ ይጠቅማል።

ያቺ ተማሪ ስሌቷን ከመጀመሪያው ጀመረች። በዚህ ጊዜ ግን በየሰዓቱ የሚያስቀምጥ አደረገችው፤ ለሰርቨሩ አስተዳዳሪም ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ ወሰን እንዲያበጅ የሚጠይቅ አጭር ማመልከቻ ጻፈች። ከእኛ «ምን ይደረግ» ይልቅ የእርስዋ ማመልከቻ የበለጠ ሳይንሳዊ ነበር። አበው ድስት ከተጣደ በኋላ ማልቀስ እንደማይጠቅም ሲመክሩ፣ መጥኖ መደቆስ ቀድሞ ነበር ይላሉ። ሜሞሪም እንዲሁ ነው፤ ማን ይሙት የሚለውን ጥያቄ ሌሊት ለብቻው ለቀረ ከርነል ከመተው፣ እኛ ቀን ተሰብስበን እንወስነው።